አማርኛን በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር መጽሐፍ ሲመረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች በዩኒቨርሲቲ አማርኛ የሚያስተምሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፍ መገምገም ማለት ምን ማለት ነው? አንብቤ ከወደድኩት አይበቃም?

አይበቃም። ሲያነቡት ደስ የሚል መጽሐፍ ክፍል ሲገባ መላ የሚያጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ግምገማ ማለት አንድን መጽሐፍ ከታወቁ ተማሪዎች፣ ከታወቀ የክፍል ሰዓትና ከኮርሱ ዓላማ ጋር አስተያይቶ መፍረድ ነው። ለዶክትሬት ተማሪ ግሩም የሆነው መጽሐፍ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ጭራሽ ላይሆን ይችላል።

ሥራው ሦስት ጊዜ ይሠራል፦ መጽሐፉ ሳይመረጥ፣ እየተማሩበት፣ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ። አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን በጥድፊያ እንጨርሳለን፣ ሁለተኛውን በማጉረምረም እናልፋለን፣ ሦስተኛውን ጨርሶ አንሠራውም። ብዙ ትምህርት የሚገኘው ግን ከሦስተኛው ነው። የትኛው ምዕራፍ እንደተዘለለ፣ የትኛው ሁለት ሳምንት እንደበላ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ለአማርኛ ለመሆኑ ምን መጽሐፍ አለ?

ምርጫው ጠባብ ነው፤ ታሪኩ ግን ረዥም ነው። ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስው በላቲን ቋንቋ ያሳተመው በ1698 ነው። ኔፕልስ ላይ አማርኛ ያስተምር የነበረው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም በ1905 ለጣሊያኖች የሚሆን የሰዋስው መጽሐፍ ሮም ላይ አሳትሟል።

በእንግሊዝኛ እያስረዳ ለሚያስተምር ሰው ዛሬ ቶሎ እጁ የሚገቡት በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው የአሜሪካ የውጭ አገልግሎት ተቋም በ1964 እና በ1965 ያወጣው 60 ክፍል ያለው ኮርስ ነው፤ ለዲፕሎማቶች የተዘጋጀ ስለሆነ በቃል ልምምድ የተሞላ ነው። ሁለተኛው ቮልፍ ሌስላው በ1967 ያሳተመው፣ ከ600 ገጽ በላይ የሆነው መማሪያ ነው፤ ሰዋስውን አንድም ሳያስቀር በሥርዓት ይተነትናል። ሦስተኛው ዴቪድ አፕልያርድ በ1995 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው መጽሐፍ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ከድምፅ ጋር የቀረበ፣ ብቻውን የሚማረውን ሰውም ያሰበ። ሦስቱ ለሦስት ዓይነት ሰው ተጻፉ። «የቱ ይሻላል?» ለሚለው አጭር መልስ የማይገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ግምገማውን ከየት ልጀምር?

ከተማሪዎቹ። መጽሐፉን ከመክፈትዎ በፊት በአንድ ገጽ ላይ የሚከተለውን ይጻፉ፦ እነማን ናቸው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ይማራሉ፣ ከኮርሱ በኋላ በአማርኛቸው ምን ሊሠሩበት ነው። የታሪክ ተማሪ የሚፈልገው ማንበብ ነው፤ ጋዜጣ፣ የአዋጅ ጽሑፍ፣ ቢቻልም የእጅ ጽሑፍ። ለምርምር ወደ ደሴ ወይም ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ግን የመጀመሪያው ቀን ላይ ቤት መከራየት አለበት። የቋንቋ ጥናት ተማሪ ደግሞ መናገሩን ትቶ የግሡን ርቢ ሊመረምር ይመጣል።

ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡ፣ እንደዚህ የሚሆነውም ብዙ ጊዜ ነው፣ መጽሐፉ የሚመረጠው ሦስቱን ለማስታረቅ ተብሎ መሆን የለበትም። ለመናገርና ለመስማት የሚሆነውን የጋራ መጽሐፍ ያድርጉት፤ ንባቡንና ትንተናውን ለየፍላጎቱ በተጨማሪ ጽሑፍ ያቅርቡ። የሚነበብ ነገር ከየትም ይገኛል፤ በደንብ የተሰናዳ የንግግር ልምምድ ግን ከባዶ መፍጠር አድካሚ ነው።

ጊዜ የለኝም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ማየት እችላለሁ?

ማውጫውንና መቅድሙን ይዝለሉ፤ ሁሉም መቅድም ያምራል። በቀጥታ የመጽሐፉን መሐል ይክፈቱና እዚያ ያለውን ምልልስ ጮክ ብለው ያንብቡ። እንዲህ የሚባል አማርኛ ሰምተው ያውቃሉ? አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው መውረድ ይፈልጋል። መጽሐፉ «እባክዎ መኪናውን እዚህ ያቁሙልኝ» ካለ ሰዋስው አልተሳሳተም፤ ግን አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚወርድ ሰው የለም። «ወራጅ አለ!» ነው የሚባለው። ሱቅም እንደዚሁ ነው። «የዚህ ብርቱካን ዋጋ ምን ያህል ነው?» እና «ብርቱካን ስንት ነው ኪሎው?» አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ሁለተኛውን ያልሰማ ተማሪ ግን ገበያ ሲወጣ ግራ ይጋባል። በአንድ ምልልስ ውስጥ እንደ መጀመሪያዎቹ ሰው የማይለው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ካገኙ የቀረውም ያው ነው።

ቀጥሎ ከሦስተኛው ምዕራፍ አምስት ቃላት ይምረጡና በአራተኛው፣ በስድስተኛውና በስምንተኛው ምዕራፍ ውስጥ ይፈልጓቸው። ቃል አስተዋውቆ ጥሎት የሚሄድ መጽሐፍ ተማሪውን በየሳምንቱ አዲስ ዝርዝር ያስሸመድደዋል፤ የቀድሞውም ይጠፋል። ይህ የአሮጌም የአዲስም መጻሕፍት ችግር ነው፤ ለመለየት ግን ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

በመጨረሻ የአንድ ምዕራፍ መልመጃዎችን ይቁጠሩ። ስንቱ «ተርጉም»፣ ስንቱ «ባዶ ቦታውን ሙላ»፣ ስንቱ ደግሞ ተማሪው የራሱን ነገር እንዲናገር ወይም እንዲጽፍ ይጠይቃል? ከመጨረሻው ዓይነት አንድም ከሌለ መጽሐፉ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ግን የክፍሉን ግማሽ ሰዓት የሚሞላውን ሥራ እርስዎ ራስዎ ማዘጋጀት እንዳለብዎ ከአሁኑ ይወቁት።

በላቲን ፊደል የተጻፈ መጽሐፍ ልጠቀም ወይስ ከመጀመሪያው ቀን በፊደል ልግባ?

33 ፊደላት በሰባት ሆሄ 231 ናቸው፤ እንደ ቧ እና ጓ ያሉት ሲታከሉ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ተማሪው ይህን ለመልመድ ሳምንታት ስለሚያስፈልጉት መጀመሪያ ላይ የላቲን ድጋፍ መስጠት ነውር የለበትም። መታየት ያለበት ድጋፉ የሚያበቃበት ቦታ ነው። መጽሐፉን መሐሉ ላይ ሲከፍቱት በእያንዳንዱ የአማርኛ መስመር ሥር የላቲን መስመር አሁንም ካለ ተማሪው የሚያነበው የላቲኑን ብቻ ነው፤ ዐይን ወደቀለለው ይሄዳል።

ሌላው መታየት ያለበት ሞክሼ ፊደላትን በተመለከተ መጽሐፉ የሚናገረው ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በዛሬው አማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ጋዜጣውም መጽሐፉም እያፈራረቀ ይጽፋቸዋል። ይህን የማይናገር መጽሐፍ የያዘ ተማሪ «ፀሐይ» ተምሮ «ጸሀይ» ሲያይ ሌላ ቃል ነው ብሎ መዝገበ ቃላት ሲፈልግ ይውላል።

ስለ መጥበቅና መላላት መጽሐፉ ምን ማለት አለበት?

በእኔ ግምት የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ የሚፈተንበት ዋናው ቦታ ይህ ነው። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውን ላልቶ ከሚነበበው አይለይም፤ እኛ ከልጅነት ስለሰማነው ችግሩ አይታየንም። ተማሪው ግን «ምግቡን ይበላል» እና «ምግቡ ይበላል» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሲያይ ግሡ አንድ ነው ብሎ ያስባል። በመጀመሪያው ላልቶ፣ በሁለተኛው ጠብቆ እንደሚነበብ ካልተነገረው ገበታ ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ እንኳ ይምታታበታል።

ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። «ሰበረ» እና «ፈለገ» በኃላፊ ጊዜ ሁለቱም መሐላቸው ጠብቆ ይነበባል። ወደ «ይሰብራል» ሲመጣ ግን ይላላል፤ «ይፈልጋል» ላይ እንደጠበቀ ይቀራል። የግሥ ዓይነቶች የሚለዩት በዚህ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ግሥ ሲያስተዋውቅ የመጥበቅ ምልክት ያደርጋል ወይ ብለው ይዩ፤ ከፊደሉ አናት ላይ የሚቀመጠው ምልክትም ይሁን የላቲን ድርብ ፊደል ለውጥ የለውም። ምልክት የሌለው ከሆነ ቢያንስ ጥርት ያለ ድምፅ ይኑረው። ሁለቱም የሌሉት መጽሐፍ የቱንም ያህል ቢያምር ለጀማሪ አይሆንም፤ ለሁለተኛ ዓመት ንባብ ያውሉት።

መጽሐፉ በ1960ዎቹ የተጻፈ ነው። አርጅቷል ብዬ ልተወው?

ያረጀው ምኑ እንደሆነ ይለዩ። ሰዋስው በ60 ዓመት ውስጥ እምብዛም አይለወጥም፤ የግሥ ሠንጠረዡ ዛሬም ያገለግላል። የሚያረጀው ምልልሱ ነው። ዕቃ በስሙኒ ሲገዛ፣ መልእክት በቴሌግራም ቢሮ ሲላክ፣ ንግግሩም ሁሉ በጌታና በአሽከር መካከል ሲሆን ተማሪው ቋንቋውን ከሙዚየም እንደወጣ ያየዋል። ዛሬ ሰው «በቴሌብር ልክፈል?» ነው የሚለው፤ ስልክ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ራይድ ይጠራል።

እንደዚህ ያለ ምልልስ ለማደስ ብዙ ሥራ አይጠይቅም። ሰዋስዋዊ ነጥቡን እንዳለ ይዘው ገጸ ባሕርያቱንና ቦታውን ይቀይሩ። ሲቀይሩ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በብዙ መጻሕፍት ውስጥ ሁሉም ሰው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ በዓሉም ፋሲካና ገና ብቻ ነው። ሰላምታ ሲሰጠው «አልሐምዱሊላህ» ብሎ የሚመልስ የወሎ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ከሌለ ተማሪው አማርኛ ተናጋሪውን ሕዝብ በግማሹ ነው የሚያውቀው።

አንድ ትልቅ የሰዋስው መጽሐፍ ብቻውን ኮርስ ይሆናል?

አይሆንም። ሌስላው በ1995 ያሳተመው የማመሳከሪያ ሰዋስው ከ1000 ገጽ ይበልጣል፤ የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ሊታጣ አይገባም፤ ተማሪ እጅ ላይ ግን ሸክም ነው። ማመሳከሪያ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ሰው ይመልሳል እንጂ ቅደም ተከተል፣ ልምምድና ክለሳ የለውም።

«አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ»ን መጽሐፉ በሠንጠረዥ አሳይቷል። ሌላ ምን ይፈለጋል?

ማን ለማን እንደሚለው። ሠንጠረዡን በቃሉ የያዘ ተማሪ የጓደኛውን እናት «እንዴት ነሽ?» ብሎ ሰላም ካለ የተማረው ነገር አልጠቀመውም። በጎ ምልልስ የሰዎቹን ዕድሜና ዝምድና ያሳውቃል፤ እናት ልጃቸውን አንተ ሲሉ፣ ልጅ ደግሞ አያቱን አንቱ ሲል ያሰማል። ትልቅ ሰው ስሙ ሳይታወቅ «አባባ»፣ «እማማ»፣ «ጋሼ»፣ «እትዬ» ተብሎ እንደሚጠራም ከመጽሐፉ አንድ ቦታ መገኘት አለበት። ከሌለ በአንድ የክፍል ሰዓት ጭውውት ይሞላል፤ ለዚህ ብለው መጽሐፍ አይጣሉ።

ክፍሌ ውስጥ ያሉት ግማሾቹ ቤታቸው አማርኛ የሚነገር ልጆች ናቸው። የጀማሪ መጽሐፍ ይሆናቸዋል?

ለፊደሉ ብቻ። እነዚህ ልጆች «ና ብላ»ን፣ «ዝም በል»ን፣ የወጡን ዓይነት ሁሉ ያውቃሉ፤ ሲሰሙ ይገባቸዋል፤ ሲጠየቁ ግን በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ ወይም በዕብራይስጥ ይመልሳሉ። ማንበብ አይችሉም። ከቤት የወሰዱት አብዛኛው ትእዛዝ አንቀጽና የማዕድ ቤት ቃል ስለሆነ ስለ ትምህርታቸው ወይም ስለ ዜና በአማርኛ ማውራት ይከብዳቸዋል። «ይህ ብዕር ነው» የሚል መጽሐፍ ሲሰጣቸው በሁለተኛው ሳምንት መቅረት ይጀምራሉ።

ስለዚህ መጽሐፉን ሲገመግሙ ሌላ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ፊደሉ ከተማረ በኋላ በቀጥታ የሚገባበት ንባብ አለው? ሰዋስዉን ከሠንጠረዥ ሳይሆን ልጆቹ ከሚያውቁት ንግግር ተነሥቶ ማሳየት ይቻላል? የቤታቸው ቋንቋ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ሆኖ አማርኛን ከጎረቤት የሰሙም አሉ፤ እነሱን ከዚህኛው ወገን ይቆጥሯቸው ወይስ ከጀማሪው የሚለው በምዝገባ ወረቀት አይታወቅም፤ አሥር ደቂቃ አነጋግረው ይወስኑ። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ የሆነ መጽሐፍ እስራኤል ውስጥ በዕብራይስጥ ለተማረ ልጅ ሁለተኛ ሸክም መሆኑንም አይርሱ።

የመጽሐፉ ሽፋን «ወደ ኤ2 ደረጃ ያደርሳል» ይላል። ልመነው?

የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ያወጣው ማዕቀፍ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ የሚገልጸው ሰው በቋንቋው ምን መሥራት እንደሚችል ነው። መጽሐፍ ላይ ደረጃውን የሚጽፈው ደራሲው ወይም አሳታሚው ራሱ ነው፤ መርምሮ ማኅተም የሚያደርግ አካል የለም። የየደረጃውን መግለጫ ይዘው ከምዕራፎቹ መልመጃ ጋር ያስተያዩት። «ስለ ቤተሰቡ በቀላል ዓረፍተ ነገር መናገር ይችላል» የሚለውን የሚያለማምድ ገጽ ካላገኙ ሽፋኑ ላይ ያለው ማስታወቂያ ነው።

ሰዓቱንም ያስሉ። የአሜሪካ የውጭ አገልግሎት ተቋም አማርኛን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሚከብዱት ቋንቋዎች ተርታ መድቦ ለሥራ የሚያበቃ ችሎታ ለማስያዝ 44 ሳምንት፣ 1100 የክፍል ሰዓት ይገምታል። በሳምንት 5 ሰዓት፣ በሴሚስተር 14 ሳምንት የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ በሁለት ዓመት ውስጥ 280 ሰዓት ይሰጣል፤ ሩቡን ማለት ነው። ስለዚህ ለዲፕሎማት የተዘጋጀውን 60 ክፍል በአራት ሴሚስተር እጨርሳለሁ ብሎ ማቀድ ተማሪም መምህርም ይገድላል።

ነጥብ መስጫ ቅጽ ልጠቀም?

ዲፓርትመንቱ ወረቀት ከፈለገ ይጠቀሙ፤ ግን ድምሩን አይመኑ። «ሥዕል 4፣ ድምፅ 1፣ ሰዋስው 5» ተብሎ ሲደመር ድምፅ የሌለው መጽሐፍ ባማረ ሥዕሉ ያልፋል። መጀመሪያ የማይታለፉትን ሁለት ሦስት ነጥቦች ይለዩ፤ ለጀማሪ ክፍል ድምፅ፣ የመጥበቅ ምልክትና የላቲን ጽሑፉ ማብቂያ ይበቃሉ። እነዚህን ያላለፈ መጽሐፍ ነጥብ አይሰጠው። ሁለት መምህራን ካላችሁ ደግሞ ሳትነጋገሩ ሞልታችሁ በተለያያችሁበት መስመር ላይ ብቻ ተከራከሩ፤ በተስማማችሁበት ላይ ስብሰባ ማባከን አያስፈልግም።

ተማሪዎቼ መጽሐፉን ጠሉት። ልቀይረው?

የጠሉትን ነገር በስሙ ያስጠሩ። «አሰልቺ ነው» የሚለው ቅሬታ አንዳንዴ የመጽሐፉ፣ አንዳንዴ የክፍሉ ሰዓት፣ አንዳንዴም የእኛ ነው። በሴሚስተሩ መሐል ስም ሳይጻፍበት «ባለፈው ምዕራፍ ውስጥ የትኛው ገጽ ጠቀመህ፣ የትኛውን ዘለልከው?» ብሎ መጠየቅ ከመጨረሻው የዩኒቨርሲቲ መጠይቅ ይሻላል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ማብራሪያው አልገባንም የሚል ነው። ለምሳሌ «ሰብሮ» ያለውን ቦዝ አንቀጽ አንዱ መጽሐፍ ጄረንድ፣ ሌላው ኮንቨርብ ይለዋል። በአንደኛ ዓመት አንዱን፣ በሁለተኛ ዓመት ሌላውን የያዘ ተማሪ ሁለት የተለያየ ነገር የተማረ ይመስለዋል። ይህን የሚፈታው አዲስ መጽሐፍ መግዛት ሳይሆን አንድ ገጽ የስያሜ ማስታወሻ ነው።

ከተለያየ መጽሐፍ ገጽ እየቀዳሁ ላከፋፍል? በሕግ አያስጠይቅም?

ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ስንት ገጽ እንደሚፈቀድ በየአገሩ ስለሚለያይ የዩኒቨርሲቲዎን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ። ከውጭ አገልግሎት ተቋም ኮርስ ጋር ግን ነገሩ ይቀላል፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው ያዘጋጁት ጽሑፍ በዚያ አገር ሕግ የቅጂ መብት የለውም። ያንን ቆርጦ፣ አድሶ፣ አዲስ ድምፅ ቀርጾ መጠቀም ይቻላል። አገር ቤት የታተመ አጭር ልብ ወለድ ወይም የጋዜጣ ጽሑፍ ግን ባለቤት አለው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1996 የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ይጠብቀዋል። ደራሲውን በስልክ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ከሚገመተው ይቀላል፤ ብዙዎች ደስ ብሏቸው ይፈቅዳሉ።

ዲፓርትመንቱ «የሚስማማ ከሌለ ራስህ ጻፍ» አለኝ። ልጻፍ?

ሙሉ መጽሐፍ አይጀምሩ፤ በተለይ ውልዎ በየዓመቱ የሚታደስ ከሆነ። ያለውን መጽሐፍ ዋና አድርገው በግምገማው ላይ የጎደለ ሆኖ የተገኘውን ብቻ ይጻፉ። ድምፅ ከጎደለ ከአገር ቤት ሁለት ሦስት ሰዎች ምልልሱን በስልካቸው እንዲቀርጹ ያድርጉ፤ ወንድም ሴትም፣ ወጣትም ሽማግሌም ይሁኑ። ንግግሩ ካረጀ አሥር አዳዲስ ምልልሶች ለአንድ ዓመት ይበቃሉ።

የጻፉትን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚያውቁት የፊደላት ኮድ ያስቀምጡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በየራሳቸው የኮምፒውተር ፎንት የተጻፉ የማስተማሪያ ወረቀቶች ዛሬ ሲከፈቱ የማይነበብ የላቲን ምልክት ክምር ሆነው ይታያሉ፤ ብዙ ልፋት እንዲያ ቀርቷል። በእያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ የትኛውን መጽሐፍ፣ የትኛውን ምዕራፍ እንደሚተካ፣ ለየትኛው ሴሚስተር እንደተዘጋጀ ይጻፉ። እርስዎን ተክቶ የሚመጣው መምህር የሚያገኘው ግምገማ ያ ነው።